የጃፓንኛ ክፍላችን ዕቃዎች

ዴስክ አልነበረንም። ከዚህ ብጀምር ይሻላል፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ዴስክ ስላልነበረን ነው።

ጃፓንኛ የተማርንበት ክፍል ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ድሮ ሲሚንቶ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ወለሉን ምን ያህል ብንጠርገው ከስንጥቁ ውስጥ ግራጫ ዱቄት እያወጣ ይሰጠናል። ሰሌን ላይ እግራችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን፤ ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ እናደርጋለን። ረፋዱ ላይ ጣሪያው መጋል ሲጀምር ላባችን ከአገጫችን እየተንጠባጠበ የጻፍነውን ያጠፋብናል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የጦሳ ተራራ ብርድ ያሳደገው ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ቆርቆሮ ሥር ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

ዲግሪ አለኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ደሴ ውስጥ ዲግሪ የሌለው ወጣት ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ፣ አባቴ ሰኞ ገበያ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እተክል ነበር። ደንበኛ ሲገባ አባቴ ቀና ይልና «ይቺ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት» ይላል። ደንበኛው እኔንና በጥርሴ የያዝኩትን ክር አየት አድርጎ «ማሻአላህ» ይላል። ያን ማሻአላህ እጠላው ነበር። ሱሪ አሳጥሮ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ማሻአላህ እንዴት እንደሚወጋ አያውቅም።

ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳየው ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ቋንቋ ተምረው፣ ፈተና አልፈው፣ ጃፓን ሄደው አረጋውያንን የሚንከባከቡ ወጣቶች ይፈለጋሉ ይላል። ደላላ የለበትም። ክፍል ገብቶ ተምሮ ማለፍ ብቻ ነው። ለቤተሰቤ ስነግራቸው አባቴ ያየው አንዲቷን ነገር ነው፤ ደላላ የሌለበት መሆኑን።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ሄዳ ነበር። የወሰዳት ደላላ ነው፤ አባቴ ሰውዬውን በዓይኑ አላየውም፤ በስልክ ብቻ ነው የተነጋገሩት። እህቴ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ግራ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ የፈላ ዘይት ያገኘው ቆዳ ሆኖ ነበር። እንዴት ሆንሽ ስትባል «ወጥ ቤት ነዋ» ብላ ዘጋችው። ዛሬም ሰው ድንገት ሲጠራት ብድግ ትልና ግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች፤ በገዛ አባቷ ቤት።

«ያችን ሳላይ ነው የሰደድኳት» አለኝ አባቴ። «አንቺን ግን እያየሁ ነው የምሰድሽ።»

እንዳለውም አደረገ። ቅዳሜና እሑድ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ይልና ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮቱን ይለብሳል። ከዚያ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ በኪሱ ይዞ ከእኔ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ይገባና ሀረጎን እየተጠማዘዝን እንወርዳለን። ያ ዳገት ለጤነኛ ጉልበትም አይመችም፤ እሱ ደግሞ ጉልበቱ ከታመመ ቆይቷል። ሶላቱን እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሰግደው። አትምጣ ብለው ማን ይሰማኛል? ያደግሁ፣ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ አባቷን አስከትላ ትምህርት ቤት የምትሄድ ሴት ምን ያህል እንደምትሳቅባት ለእሱ ማስረዳት ድንጋይ ማስረዳት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «አባባ፣ ሐኪም ቤት ነው?» ሲለው፣ አባቴ «የለም፣ ጃፓንኛ» ይላል። መኪናው በሳቅ ይሞላል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ በመስኮት ወደ ገደሉ አያለሁ።

መምህራችንም የደሴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ቢሆን ነው። ጃፓን ኖራ ነው የመጣችው፤ ስንት ዓመት እንደኖረች፣ ለምን እንደተመለሰች አልነገረችንም፤ የሚጠይቃትም አልተገኘም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ትንሹንም ትልቁንም «እርስዎ» ነው የምትለው። እኛ ዘንድ አንቱታ የትልቅ ሰው ነው፤ ለእኔ ብጤ ሲሰጠው ሹፈት ይመስላል። መጀመሪያ ሳምንት ሳቅን። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ስትገባ አንዱ ተማሪ «ኪሪጹ!» ይላል፤ ሁላችንም እንነሳለን። «ሬይ!» ሲል ጎንበስ እንላለን። «ቻኩሴኪ!» ሲል እንቀመጣለን። አባቴ በር አጠገብ፣ ክፍሉ ባለው በአንዲቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ወንበሯ የመምህሯ ነበረች፤ ጉልበቱን እንዳመመው አይታ ራሷ ናት የሰጠችው። ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ቆማ አስተማረች።

የመጀመሪያው ትምህርታችን የትምህርት ቤትና የክፍል ውስጥ ቃላት ነበር። ጋኮ ትምህርት ቤት ነው፣ ኪዮሺጹ መማሪያ ክፍል። ሴንሴይ አስተማሪ፣ ጋክሴይ ተማሪ። ኤንፒጹ እርሳስ፣ ኬሺጎሙ ላጲስ፣ ኮኩባን ሰሌዳ፣ ኢሱ ወንበር፣ ጎሚባኮ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ማዶ መስኮት ነው፤ እሱን ቶሎ ያዝነው። ጹኩዌ ዴስክ። መምህሯ ለእያንዳንዱ ቃል እጇን ትዘረጋለች፤ ባዶ ግድግዳ እያሳየች ማዶ፣ ባዶ ወለል እያሳየች ጹኩዌ። እውነተኛ ሆኖ የሚታየው አባቴ የተቀመጠባት ኢሱ ብቻ ናት። «ኢሱ» ስትል ሁላችንም ዞረን አባቴን እናያለን። እሱም ሰላም ያልነው መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይልልናል።

ከኩታበር የሚመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ፊዚክስ የጨረሰ፣ ቀልደኛ። በሁለተኛው ቀን መምህሯ ባዶውን ወለል እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» ስትለው «መምህር፣ ሲሚንቶ» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ፈገግ አለች።

«ልክ ነዎት» አለችው። «ዴስክ የለንም። የሌለ ነገር ስም ደግሞ አይያዝም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን የረሳ ሰው ዕቃውን ይሆንልናል። ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ይንበርከኩ።»

ቀልድ መስሎት በሁለት እጁና በሁለት ጉልበቱ ቆመ። «ጀርባዎን ያቅኑ» አለችው። ከዚያ አንዷን ተማሪ ጠርታ ደብተሯን ጀርባው ላይ አስደርጋ «ጹኩዌ» ብላ እንድትጽፍ አዘዘቻት። ልጅቷ እየሳቀች ጻፈች። ሁለተኛው ተማሪ ሲጠራ ሳቁ ቀነሰ። ሰው ሁሉ በየተራው ሄዶ ከጻፈ በኋላ ልጁ ሲነሳ መዳፉ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ እሱም አልሳቀም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክፍሉን አሟላነው። ማዶን የረሳ እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል። በርን የረሳ በሩ ላይ ቆሞ ለሚገባና ለሚወጣ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ኮኩባንን የረሳ ጥቁር የተቀባውን ኮምፔንሳቶ ደረቱ ላይ ታቅፎ ትምህርቱ እስኪያልቅ ይቆማል፤ መምህሯ በጠመኔ ስትጽፍ ዱቄቱ አፍንጫው ውስጥ ይገባል፤ ማስነጠስ አይፈቀድም። ዴስክ ስለመሆን ደግሞ የራሳችን ዕውቀት ነበረን። ቀጭን ሰው መጥፎ ዴስክ ነው፤ አከርካሪው መስመሩን ይሰብረዋል። ወፍራም ሰው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶ ይገባል። የማንኛውም ሰው ጀርባ ደግሞ ይተነፍሳል፤ ፊደሉ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል፤ ይወርዳል። በዚያ ላይ የጻፍነውን እያየች «ይህ ጹ ሰክሯል፤ ይድገሙት» ትላለች።

የኩታበሩን ልጅ የጣለችው ጎሚባኮ ናት። ረሳት። «ይቅርታ፣ መሐል ላይ ይቁሙ» አለችውና ቆሻሻ ወረቀት ያለው ሁሉ እንዲጥል አዘዘች። መጀመሪያ እግሩ ሥር ጣልን። «ከውጭ ወደቀ» አለች። ደረቱ ላይ ጣልን፤ እንደገና «ከውጭ ወደቀ»። አንዱ አፉ ውስጥ ይከትበት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ልጁ ራሱ ሁለት እጁን እንደ ሣጥን አድርጎ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ያን ጊዜ «ጎበዝ» አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ማንም አልጠየቀም፤ ተፎካካሪ አንድ ሲቀንስ ማን ይጠይቃል?

ለምን አልወጣችሁም የሚለኝ ሰው አለ። ዲግሪ ይዞ ቁልፍ የማይተክል ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው። ከዚያ ክፍል ለቃለ መጠይቅ የሚቀርቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ መራጯ እሷ ናት። የቀረነው ወደመጣንበት እንመለሳለን። ለእኔ መመለሻው ሱቁ፣ ክሩና ማሻአላሁ ነው። ደግሞ አክስቴ ጅዳ የሚሰድ ሌላ ደላላ አግኝታ በየሳምንቱ ለአባቴ ትደውላለች። «ይቺም ከምትቀር...» ትለዋለች። ስለዚህ መስኮት ሁኚ ብትለኝ እሆናለሁ። ሆኛለሁም። መስኮት መሆን ክንድ ያዝላል እንጂ ሰው አይገድልም።

አባቴ ይህን ሁሉ ከወንበሯ ላይ ሆኖ ያየዋል። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ቤት ስንገባ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የአገራቸው አስተማመር ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኛንም ቁርኣን ቤት ሸህዬው በልምጭ ነበር» አለ። «ትምህርት ነው እንግዲህ።» ሌላ ቀን ግን ሙስበሃው እጁ ውስጥ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አይ ነበር። የሚያቆመው ሴት ስትንበረከክ ነው።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። መምህሯ የሥዕል ካርድ እያወጣች አንድ በአንድ ጠየቀችን። ከሦስቱ አንዷ እንደምሆን አልጠራጠርም ነበር፤ ቃላቱን ቁልፍ ስተክል፣ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ለእህቴ ሻይ ሳፈላላት እላቸዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ካርዱን አወጣች። ዴስክ ነው። ዓይኔ ሥዕሉን ያያል፤ አራት እግሩን፣ መሳቢያውን። አፌ ባዶ ነው። መዝገበ ቃላት የሚለው ትዝ ይለኛል፤ የቤት ሥራ የሚለው ትዝ ይለኛል፤ ካርታ፣ ሰዓት፣ ሁሉም ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ቃል ግን የለም።

«ይቅርታ» አለች፤ ለስለስ ብላ። «እዚህ ጋ ይንበርከኩ።»

ሄድኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ አንድ ጉልበቴን መሬት አስነካሁ። ከኋላዬ የፕላስቲክ ወንበሯ ስትንቋቋ ሰማሁ።

«ተነሽ» አለኝ አባቴ።

«አባ፣ ተቀመጥ። ምንም አይደለም።»

«ተነሽ አልኩሽ።» ከዚያ ወደ መምህሯ ዞረ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ልሁንላት።»

መምህሯ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። አንድ ተማሪ የሌላውን ቦታ መውሰድ ይችላል የሚል ደንብ ነበራት፤ እስከዚያ ቀን ግን የወሰደ ሰው አልነበረም። «አባት፣ እርስዎ ተማሪ አይደሉም» አለችው። ትንሽ አሰበችና «ግን ቤተሰብም ይቆጠራል። እንደፈለጉ» አለች።

ይህን ሰው እወቁልኝ። ቤታችን ውስጥ አባቴ ተቀምጦ ከሆነ ከራሱ በላይ ቆሞ የሚያወራው የለም። እግሩን ዘርግቶ ቢተኛ ዞረን ነው የምናልፈው። ጉልበቱ መሬት ከነካ ዓመታት አልፈዋል፤ ለፈጣሪው እንኳ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግደው። ይህ ሰው ሰሌኑን በእጁ ተደግፎ መጀመሪያ ደህናውን ጉልበቱን፣ ከዚያ የታመመውን መሬት ላይ አሳረፈ። የታመመው ሲነካ በአፍንጫው የወጣውን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው።

አጎንብሼ ኮቱን ይዤ ላነሳው ሞከርኩ። «አባ፣ ምን ነካህ? እኔ እችለዋለሁ እኮ!» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ተናድጃለሁ። ዴስክ መሆን የአሥር ደቂቃ ነገር ነው፤ ተነስቼ ልብሴን አራግፌ ልቀመጥ ነበር። ማን ግባልኝ አለው? ፊቱን ወደ እኔ መለሰና እኔ ብቻ እንድሰማው ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አንዷ በቃችኝ» አለ።

መምህሯ ተማሪዎቹን አየች። ማንም ከሰሌኑ አልተነሳም። አንዱ ልጅ «ኧረ መምህር፣ ወላሂ እኔ እሳቸው ላይ አልጽፍም» አለ፤ ሌሎቹም አቀረቀሩ። እሷም አልተቆጣችም። «ልክ ነው» አለች። ወደ እኔም ዞረች። «የረሱት እርስዎ ነዎት። ገጹ እስኪሞላ እርስዎ ይጽፋሉ። ካልጻፉ ግን ቃሉን አላወቁትም ማለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ምርጫ ነው።» እርሳስ አቀበለችኝ።

እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። ጣሪያው ይንጣጣል፤ ሙቀት ነው። የአባቴ ሙስበሃ ከኪሱ ወጥቶ ሰሌኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጻፊ» አለኝ፤ አሁን ጮክ ብሎ። «ጻፊና እንሂድ። ያን ሁሉ ቀን ሀረጎን የወረድኩት ሥዕል ለማየት ነው?»

በቁጣው የማውቀው አባቴ ነበር፤ እንደ ሱቁ። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ሲለኝ እጄ ሳያስብ ይሠራል። ደብተሩን ጀርባው ላይ አደረግሁት። የልብስ ሰፊ ጀርባ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ ሰፍቶ ትከሻውና ወገቡ እኩል ሆነዋል። መጻፍ ጀመርኩ። ጹኩዌ። ጹኩዌ። ጹኩዌ። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ደብተሩ አይነቃነቅም። ስንቱ ሰው ጀርባ ላይ ጽፌያለሁ፤ የማይወጣና የማይወርድ ጀርባ ግን አይቼ አላውቅም። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ነበር። መስመር ስጨርስ ቶሎ ብሎ ይተነፍሳል፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሲነካ መልሶ ይይዛል። ጽሕፈቴ እንዳይበላሽ ነው።

ገጹ ሞላ። ከዚያ የተሻለ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም።

ሲነሳ ሁለት ልጆች ደገፉት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ግራጫ ሆኗል፤ ልብስ ሰፊ ነውና ጨርቁን እያየ በእጁ መታ መታ አደረገው። እንዳልረዳው እጄን ገፋኝ። ወደ በሩ ሄዶ ፀሐዩ ላይ ቆመ። መምህሯ ደብተሩን ወስዳ አገላብጣ አየችና ሁለት ስም ጠራች። ሦስተኛው የእኔ ነበር።

ክፍሉ አጉረመረመ። የእኔ ብጤ አንዷ ተነስታ «መምህር፣ እሷ እኮ ረሳች፤ እኔ አንድም አልረሳሁም» አለች። እውነቷን ነበር። መምህሯ መለሰችላት፤ በዚያው በለስላሳ ድምፅዋ፣ በእርስዎ።

«ቃል እዚያም ይማሩታል» አለች። «ሥራው ሽማግሌ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር ነው። ያቃስታሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ልጃቸውን ይጠራሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እዚያ አይቆይም። እኔ መርጬ የላክሁት ሰው እንዲመለስ አልፈልግም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የእርስዎ እጅ አልተንቀጠቀጠም።»

ያመሰገነችኝ መሰላት። ወይ አልመሰላትም፤ እሷን ማወቅ አይቻልም። አባቴ በሩ ላይ ነበር። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነበር እንጂ እዚያ መጋዘን ውስጥ የተነገረ ቃል ሁሉ በር ድረስ ይሰማል።

በመልሱ ሚኒባስ ሀረጎን ስንወጣ እግሩን ማጠፍ አልቻለም፤ ወንበር መሐል ዘርግቶት ሰው ሁሉ እየተሻገረው አለፈ። «አለፍሽ?» አለኝ። «አለፍኩ» አልኩት። «አልሃምዱሊላህ» አለ። እኔም የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ሁሉም ቁጣ ነው፤ ሁሉንም ዋጥኩት።

ቃለ መጠይቁን በስልክ፣ በቪዲዮ አደረግሁ። ያነጋገረችኝ ጃፓናዊት ሴትዮ ደግ ነበረች፤ ስለ ትምህርት ቤቴ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፤ አለፍኩ። አሁን የቪዛው ወረቀት እስኪመጣ ነው የምጠብቀው።

አባቴ ዱዓ አስደረገ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ዱዓ አይሆንም፤ ሰው ሳይመርቀው የሄደ ሰው ምን አለው? ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ካበቃ በኋላ ጎረቤቱ ሞላ፤ ጫቱ ተዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ በየተራ መረቁኝ። «ውጪ ከክፉ ዓይን፣ ግቢ በሰላም፣ እጅሽ ይባረክ!» እኔ መሐል ላይ ተቀምጬ አሚን እላለሁ። እጅሽ ይባረክ ሲሉ አባቴ ጫቱን ይቀነጥሳል።

አንዱ ሽማግሌ፣ የቆዩ ጓደኛው፣ ሊያጫውቱት ፈለጉ። «አንተስ ሰውዬ» አሉት፣ «ያን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ወንበር ላይ ተጎልተህ ስትውል አንዲት የጃፓን ቃል እንኳ አልተማርክም?»

«ተምሬያለሁ እንጂ» አለ አባቴ።

«እስቲ በላ!»

«ጹኩዌ» አለ። ጥርት አድርጎ። ከማንኛችንም በተሻለ።

«ምን ማለት ነው?»

አባቴ ወደ እኔ አላየም። የቀነጠሰውን ቅጠል አፉ ውስጥ አደረገ፤ አኘከው። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ደንበኛ ሲቀበል እንደሚስቀው።

«አባት ማለት ነው» አለ።

ቤቱ በደስታ ተንጫጫ። ማሻአላህ አሉ። ሽማግሌው ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ሞከሩት፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ሳቅ ሆነ። «በሉ እንግዲህ ጹኩዌ ይመርቃት!» አሉ። አባቴም እጁን ዘረጋና መረቀኝ፤ ምርቃቱ እንደማንም አባት ምርቃት ነበር፤ አንድም ቃል አልጎደለበትም። አሚን አልኩ። እህቴ በር ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከተመለሰች ጀምሮ ጮክ ብላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ጹኩዌ» እያለች ትስቃለች።

ማስተካከል እችል ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምን ብዬ?

ስሙ ሰፈር ውስጥ ተሰራጨ። ሴቶቹ ባሎቻቸውን ጹኩዌ እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጹኩዌ መጣ፣ ጹኩዌ ሄደ ይባላል። እሱም አቤት ይላል። እኔ ወረቀቱ እስኪመጣ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ በጥርሴ ክር እንደያዝኩ ያየኝና «ጹኩዌ አለ?» ይለኛል።

«አለ» እላለሁ። «ውስጥ ነው፤ ግባ።»